ሁለት ወንበር

ሞያሌ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንዱ፣

ሙቀቱን ካልቆጠርነው ሁላችንም ደህና ነን። አንተስ? የወህኒው ምግብ አሁንም ያው ባቄላ ነው?

የእማዬን እግር ጠይቀሃል። ተሽሏታል። ሐኪም ጋ ግን አልሄደችም፤ «በቦዳቦዳ ሞተር ተንገጫግጬ ከምድን ቤቴ ቁጭ ብዬ ልታመም» ብላ ሞተረኛውን መለሰችው። ሥራ አገኘህ ወይ ላልከው፣ እስካለፈው ሳምንት መልሴ ያው የድሮው ነበር። ዲግሪዬ ከእኔ ይልቅ ሥራ አለው፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስንጥቁን ይሸፍናል።

አሁን ግን ተቀምጠህ አንብበኝ። ጋሽ ዘርአብሩክ አስጠራኝ። አዎ፣ አንተ ስትነዳለት የታሰርክበት ጋሽ ዘርአብሩክ። ስሙን ስታይ ፊትህ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ፤ ግን ጨርሰኝ። «ወንድምህ ፍርድ ቤት ቆሞ ስሜን አላነሳም፤ እኔም ቤቱን አልረሳም» አለኝ። በድብቅ ወደ ደቡብ የሚሄዱ ሰዎችን መጫን ትቷል። እኔ ራሴ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «አንተ ልጅ! ወንድምህ በዚህ ሥራ ታስሮብኝ ዛሬም ሰው የምጭን ይመስልሃል?» ብሎ ተቆጣኝ። አሁን ሸቀጥ ብቻ ነው። ማርሳቢትና ኢሲዮሎ ያሉትን ሱቆች የሚቆጣጠርለት የተማረ ሰው ይፈልጋል። ከሥራው ጋር ላንተ ይግባኝ ጠበቃ አቆማለሁ ብሏል። ይኼ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሌላው እንቅልፍ የነሳኝ ለሥራው የሚሰጠኝ መኪና ነው። «ሁለት አሉ፣ አንዱን ምረጥ» አለኝ፣ ሸሚዝ እንደሚያስመርጥ ሰው!

አንደኛዋ ቀይ ናት። አዲስ ናት፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። የስፖርት መኪና ናት፦ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ ከመሬት ብዙም አይርቅም። ስመ ጥር አይደለችም፣ ዋጋዋም ለስፖርት መኪና ቅናሽ ነው፤ ፕላስቲኳን ስትነካው ይንቀጫቀጫል። ግን ሞተሯ ሲነሳ ደረቴ ውስጥ የተነሳ ነው የሚመስለኝ። ሁለተኛው ጥቁር የጀርመን መኪና ነው፣ ከፍ ያለ፣ ያገለገለ። የቆዳ ወንበር፣ የጠቆረ መስታወት፣ በሩ ሲዘጋ ባንክ የተዘጋ ያህል ይከብዳል። ኬላ ላይ ፖሊሱ ባለሥልጣን መጣ ብሎ ሰላምታ ይሰጠዋል ይላሉ። ግን ማን ማን እንደነዳው አይታወቅም። ልቤ ወደ ቀይዋ፣ ጭንቅላቴ ወደ ጥቁሩ ይጎትተኛል። አንተ መኪና ታውቃለህና ፍረደኝ።

መልስህን በዚያው በጋሽ ዘርአብሩክ ፖስታ ሳጥን ላከው። የራሳችን ሳጥን እንደሌለን ታውቃለህ።

ወንድምህ ቢራቱ

—

ከወህኒ ቤት፣ ጥር 16 ቀን 2017

ለቢራቱ፣

ደብዳቤህ ገብቷል። ባቄላው ያው ነው፤ ድንጋዩ ግን ቀንሷል።

ለጋሽ ዘርአብሩክ ምስጋናዬን ንገርልኝ። ስሙን እንዳላነሳሁና እንደማላነሳም ንገርልኝ።

ስለ መኪኖቹ ያልከኝን አሰብኩበት። ጥቁሩን አውቀዋለሁ። የኋላው ዕቃ መጫኛ አየር አያስገባም። ጥቁሩን አትውሰድ። አሮጌ መኪና ስትረከብ የነበረበትን ሥራም አብረህ ትረከባለህ። ከዚህ በላይ በደብዳቤ መጻፍ አልችልም፤ ለምን እንደማልችል አንተው አስበው።

ኡራን ያለው ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ያ ነገር የት ደረሰ? ስለ እሱ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ስለ ወንበር ላስቲክ አጫወትከኝ። የእኔ ይግባኝ ይቆያል፣ የትም አልሄድም። እማዬን ሐኪም ጋ ውሰዳት።

ወንዱ

—

ሞያሌ፣ ጥር 27 ቀን 2017

ለጋሼ፣

ይቅርታ ዘገየሁ። ደብዳቤህ ራሱ ዘግይቶ፣ ደግሞም ተከፍቶ ነው የደረሰኝ። ጋሽ ዘርአብሩክ «ከእኔዎቹ ጋር ተደባልቆ ሳላይ ቀደድኩት፣ ፖሌ፣ ይቅርታ» አለ። ችግር የለውም፣ ምን ምስጢር አለን? ምስጋናህን ሲያነብ ደስ ብሎታል። ጥቁሩን አትውሰድ ያልከው ላይ ግን ሳቀና «ወንድምህ እንዳለው ይሁን፣ ቀይዋን ውሰድ» አለኝ። አየህ? ቅር እንኳ አላለውም!

ኡራን ያልከው... ጋሼ፣ በከብት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ፣ አቧራ ለብሼ፣ ለውኃ ከግመል ጋር እየተጋፋሁ ላስተምር? አራት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው? እስከ መጋቢት አስብና መልስ ስጥ ብለውኛል። መልሱን እነሱም ሳያውቁት አይቀሩም።

ከመምረጤ በፊት ሁለቱንም አየኋቸው። ፉፋ የሚባል ካንተ በኋላ የተቀጠረ ሾፌር አለ፤ እሱ ነው ያሳየኝ። የጥቁሩን የኋላ ክዳን ከፍቼ ቀና ስል ክዳኑ ከውስጥ በኩል ተቧጭሯል። ጎኑ አይደለም፣ ወለሉም አይደለም፤ ከላይ፣ ክዳኑ።

«ፉፋ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ፍየል።»

«ፍየል ጣሪያ ይቧጭራል?»

«የሞያሌ ፍየል የማያደርገው አለ እንዴ? ዲግሪ ያለውም አይጠፋም!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ አስጠላኝ። አየር አያስገባም ያልከኝ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለግኩም።

ስለዚህ ቀይዋን ወሰድኩ። እማዬን ላሳያት ደጃፋችን ይዣት መጣሁ። ዞረቻትና፣

«ይቺ መኪና ናት ወይስ ጫማ?» አለች።

«የስፖርት መኪና ናት እማዬ።»

«ሌላው ሰውስ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት።»

«ሁለት! ጎረቤት ታሞ ቢጠሩህ፣ በሽተኛውን ጭነህ አስታማሚውን በሩጫ ተከተለን ልትለው ነው? እዚህ አገር መኪና ያለው ሰው ብቻውን ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? ያሙናል።»

ይሙን። እኔ የወደድኳት ለዚሁ ነው። ሁለት ወንበር ባላት፣ ዕቃ መጫኛዋ አንድ ቦርሳ እንኳ በማይዝ መኪና ሰው ጫን ብሎ ሊያዘኝ የሚችል የለም። ማንም በውስጧ አልተሰቃየም፣ ሊሰቃይም አይችልም። ንጹሕ መኪና መረጥኩ ጋሼ። ኩራ እንጂ!

ያንተው ቢራቱ

—

ከወህኒ ቤት፣ የካቲት 5 ቀን 2017

ለቢራቱ፣

በመኪናዋ እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ስትነዳ ከፊትህ ማን አለ? ከኋላህስ?

ወንዱ

—

ሞያሌ፣ የካቲት 14 ቀን 2017

ለጋሼ፣

እማዬ ደህና ናት። ሰፈሩም ደህና ነው። የጎረቤታችን የሁቃ ልጅ አገባች፤ ሙሽራዋን በቀይዋ ወሰድኳት፣ ሙሽራው በእግሩ ተከተለ፣ ከተማው ሁሉ ሳቀ።

ከፊቴ ማንም የለም። አስፋልቱ ብቻ ነው። ቱርቢ ጋ ሜዳው ሲከፈት ያለውን አንተ ታውቀዋለህ፤ መሪውን ይዤ እዘፍናለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላገኘሁም።

ከኋላዬ ላልከው። ሱቆቹን አንዴ አሳይተውኛል። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ቀድሞ መሄድ ነው። ድንገተኛ ፍተሻ ካየሁ ለፉፋ እደውላለሁ፤ መንገዱ ነጻ ከሆነ ዝም እላለሁ። ይኼው ነው። ጋሽ ዘርአብሩክ «ከቀይዋ የሚቀድም የለም፣ ፖሊሱም ሀብታም ልጅ ሊዝናና ወጣ ነው የሚለው» ይላል። ለካ ቀይዋንም ያመጣት ለዚሁ ነው። ጥቁሩ ርቆ ከኋላ ይመጣል፤ ፉፋ ነው የሚነዳው።

ምን እንደጫነ አልጠየቅኩም። አሁን ተናደህ ይሆናል። ግን አስበው፦ እኔ የምጭነው ራሴን ብቻ ነው። ማየት ወንጀል ነው? መደወል ወንጀል ነው? ጠበቃው መዝገብህን ከፍቶ ማየት ጀምሯል፤ ቢዘገይ በዓመቱ መጨረሻ ይወጣል ብሎኛል። አንተ ከወጣህ በኋላ እተወዋለሁ። እስከዚያ ብቻ ታገሰኝ።

ቢራቱ

—

ከወህኒ ቤት፣ የካቲት 19 ቀን 2017

ለቢራቱ፣

ይህን የያዘው ጎሊቻ ይባላል። ጊዜውን ጨርሶ ዛሬ ተፈታ፤ በጭነት መኪና እየተቀባበለ ወደ እናንተ ይመጣል። በሳጥኑ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ይግባህ፦ የጻፍኩልህን ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው ዘርአብሩክ ነው። ለዚህ ነው በግማሽ አፌ የጻፍኩልህ። ጥቁሩን አትውሰድ ያልኩህን ቀይዋን ውሰድ አድርገህ አነበብከው። ሰውዬው ለምን እንደሳቀ አሁን ገባህ?

ሁለት አቅርቦ አንዱን ምረጥ የሚልህ ሰው፣ «ሁለቱንም ባልወስድስ?» የሚለው እንዳይታይህ ነው። እኔንም ያኔ በነጭና በብር ቀለም መኪና መሃል አስመርጦኛል። ሳምንት ሙሉ ስመራመር ከረምኩ፤ ሥራው ምንድን ነው ብዬ ሳልጠይቅ።

ፍየል አይደለም። አንተም ታውቃለህ።

ቁልፉን ዛሬውኑ መልስ። ስለምትሰጠው ምክንያት አትጨነቅ፤ እናቴ ታማለች በል፣ ኡራን ልሄድ ነው በል። ወዲያው በሚቀጥለው የከብት መኪና ወደ ኡራን ውጣ። ይግባኙን ተወው። በሰው ሕይወት ዋጋ ወጥቼ እቤት መግባት አልፈልግም።

ወንዱ

—

ሞያሌ፣ የካቲት 28 ቀን 2017

ለጋሼ፣

ጎሊቻ ትናንት ደረሰ። መንገድ ላይ የጫነው መኪና ተበላሽቶበት ሰንብቷል፤ በጣም ይቅርታ ጠየቀ። እማዬ አብልታ ሸኘችው። ጥሩ ሰው ነው። ስለ አንተ ብዙ አወራን፤ ከስተሃል አለ። እማዬ እግሯ እንደገና አብጧል፣ ብዙ ቆማ ነበር። ሙቀቱ አልበረደም። ግመሎቹ እንኳ...

ይቅር በለኝ። በሌላ ነገር ልጀምር ብዬ ነው፤ አልሆነም።

ደብዳቤህ ከመድረሱ ከሁለት ቀን በፊት ወጥቼ ነበር። መንገዱ ላይ ፍተሻ አየሁ፤ ደወልኩ። ሥራዬን ነው የሠራሁት። ፉፋ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ዳበል በሚወስደው የአቧራ መንገድ ገባና የጫናቸውን ሰዎች አንድ ግራር ሥር አራገፋቸው። ፍተሻው ሲነሳ እመጣለሁ አላቸው። ፍተሻው አልተነሳም፤ እሱም አልሄደም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጫት ቤት ተቀምጦ አገኘሁት።

«ዕቃውስ?» አልኩት።

«ጥላ ሥር ነው፣ አይበላሽም።»

«ስንት ናቸው?»

«አንተ ምን አገባህ፣ ማኔጀር? ያንተ ሥራ መደወል ነው።»

የጥቁሩን ቁልፍ ስጠኝ አልኩት። አልሰጠኝም። ለምኜዋለሁ ጋሼ፣ እጁን ይዤ ለምኜዋለሁ። «ያንተን መርጠሃል አይደል? በራስህ ሂድ» ብሎ ቦታውን ብቻ ነገረኝ።

በራሴ ሄድኩ። ሁለት ጀሪካን ውኃ ወንበሩ ላይ አስሬ ሄድኩ። አቧራው መንገድ ላይ ብዙም ሳልገፋ የቀይዋ ሆድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጎማዎቿ አየር ላይ ዞሩ። ከዚያ በእግሬ ሄድኩ፣ ጀሪካኖቹን እየጎተትኩ። አገኘኋቸው። ዘጠኝ ነበሩ። ሁለቱ አልተነሱልኝም። ውኃውን ለተቀሩት አካፈልኩ፤ ለዚያ ሁሉ ጥማት ምንም አልነበረም።

መኪና አለህ? አሉኝ። አለኝ አልኩ። አለኝ ስል ፊታቸው ላይ የበራውን ምን ብዬ ልጻፍልህ? መቆም የቻሉት ተከተሉኝ። ያዩዋት ጊዜ አንዱ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተና፣ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «አንድ ሰው ነው የምትይዘው» አላቸው። ያለው ይኼን ብቻ ነው። አልሰደቡኝም። ከኋላ ተሰልፈው እጃቸውን ሰጧት፤ «አንድ፣ ሁለት» ብለው ከድንጋዩ ላይ አነሷት። ለማይሳፈሩባት መኪና የቀራቸውን ጉልበት ጨረሱ። ከዚያ ምንታምር የምትባለውን ልጅ አስገቡልኝ። በዕድሜ ከሁሉም ታንሳለች። ማንም አልተከራከረም።

መንገድ ላይ ልጅቷ «ሌላው መኪና ከኋላችን ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ልጅቷን ሐኪም ቤት አድርሼ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ሄሉ በሚባለው የከተማው መውጫ መንገድ መሃል ቆማ አዳን የሚባል ሰው የሚነዳውን የከብት መኪና አስቆመች። ፍየሎቹን አስወርዳ ነው ይዛው የመጣችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰዎቹ ጋ ደረስን።

የቀረውን አልችልም።

ቢራቱ

—

ከወህኒ ቤት፣ መጋቢት 9 ቀን 2017

ለቢራቱ፣

ስንቱ?

መልስልኝ። ቁጥሩን ብቻህን አትያዘው፣ ለሁለት እንያዘው። እና አሁን የት ነህ? ፖስታው ላይ ያለው ሳጥን አዲስ ነው።

ጥቁሩን ብመርጥ ኖሮ ሁሉንም እጭናቸው ነበር እያልክ እንደምትውል አውቃለሁ። ጥቁሩን ብትመርጥ ኖሮ ዛፉ ሥር የምታራግፋቸው አንተ ነበርክ። ይህን እያነበብክ ተኛ። እኔ አልተኛም።

ወንዱ

—

ሞያሌ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017

ለጋሼ፣

ሳጥኑ የእማዬ ነው። በራሷ ስም ተከራየችው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራዋለች፤ ከእንግዲህ የልጆቼን ደብዳቤ ከእኔ በፊት የሚቀድ የለም ትላለች።

አምስት። እኔ ስደርስ ያልተነሱት ሁለቱ፣ የከብቱ መኪና እስኪመጣ ሁለት፣ ሐኪም ቤት አንድ። ጎንበስ ብሎ ያያት ሰውዬ ሐኪም ቤት ያለፈው ነው። ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ምንታምርም አታውቀውም። እሷ ተርፋለች። ስትጠይቀኝ ከኋላችን ነው ያልኳትን አልረሳችም፤ ልትመሰክር ስትመጣ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ቁልፉን እኔው ነኝ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት። አንተ ያላነሳኸውን ስም አነሳሁት። እስኪመዘግቡት ድረስ ዘርአብሩክ ድንበሩን አልፎ ወዲያኛው ሞያሌ ተሻግሯል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በእግሩ፣ ለሚያውቀው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ። ፉፋ ከእኔ ጎን ባለው ክፍል ነው። ጠበቃህ ስልክ አያነሳም። ይቅር በለኝ ጋሼ። የኡራኑ መምህርነትም ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ መምህሩ በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ሲያልፍ ሰዎች ሲያወሩ ከዚህ ሰማሁ።

እኔን አብሮ በመሥራት ነው የከሰሱኝ። ክርክር የለኝም። ማየት ወንጀል ነው ወይ ብዬህ ነበር።

ክፍሌ ትንሽ መስኮት አላት፤ ወደ ግቢው ታሳያለች። ቀይዋን ለማስረጃ እዚያ አቁመዋታል፣ ጀርባዋን ወደ እኔ ሰጥታ። ከኋላዋ፣ ቀለሟ ላይ፣ እጆቻቸው አሉ። አቧራው ላይ ነው የታተሙት፤ መዳፉ ከነጣቶቹ፣ አንዱ ካንዱ ሳይነካካ፣ ጎን ለጎን። በየቀኑ ሳያቸው እውላለሁ። የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት እሞክራለሁ። ዘበኛው ሊያጥባት ባልዲ ይዞ መጥቶ ነበር፤ በሩን ደብድቤ ጮኬ አስተውኩት። «መኪናውን እንዲህ ከወደድክ ምን ልትታሰር መጣህ?» አለኝ።

ትናንት ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ለወራት የጠበቅነው ዝናብ መጣ። ከተማው ሁሉ ደጅ ወጣ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ፉፋ እንኳ ከወዲያ ክፍል ሲስቅ ሰማሁት። እኔ መስኮቱን ይዤ ቆምኩ። «ሸራ አልብሷት! እባካችሁ ሸራ!» አልኳቸው። ማንም አልሰማኝም፤ የቆርቆሮው ጩኸት ከእኔ ይበልጣል።

ሲያባራ ቀይዋ ታበራ ነበር። ልክ የመጀመሪያ ቀን እንዳየኋት፣ አዲስ።

ቢራቱ